በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት መልስ

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር ከደብረ ብርሃን ሦስት ተማሪዎችን ይዤ፣ ናይሮቢ ላይ ወደተካሄደ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ጉባኤ ሄጄ ነበር። ጉዞው በሰላም ተጀምሮ በሰላም ያለቀ ነው። ልጆቹ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ተጨበጨበላቸው፤ ወላጆቻቸውም ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው መረቁኝ። ስለዚያ ጉዞ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የምነግረው መልካም ነገር አላጣም። ሆኖም ከዚያ ሁሉ መካከል ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ አንዲት ቅጽበት አለች፤ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ ብቻዬን መንገድ ስሄድ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እየተመለሰች ትቆረቁረኛለች። ለማንም ሳልናገራት ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁና ዛሬ ልጽፋት ወደድኩ።

## ሦስት ገጽ ተኩል

ጉባኤው ከየአገሩ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአካባቢያቸው ስላለ የጋራ የተፈጥሮ ሀብት አምስት አምስት ደቂቃ የሚናገሩበት፣ ከተሰብሳቢው ጥያቄ ተቀብለው የሚመልሱበት፣ በመጨረሻም በየቡድኑ ተቀምጠው የውሳኔ ሐሳብ የሚያረቁበት ነው። ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ፣ ወላጆች ፈርመው ስላስመዘገቡት የፈቃድ ወረቀት መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ የሰው ልጅ ይዞ ከአገር የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የምናቀርበውን ጉዳይ ለመምረጥ ግን ጊዜ አልፈጀብንም። ከሦስቱ አንዷ የመንዝ ልጅ ናት፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ካለ ቀበሌ መጥታ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ እየኖረች ነበር የምትማረው። ስለዚህ የመንዝ ጓሳን ለማቅረብ ወሰንን፤ ተናጋሪዋም እርሷ ሆነች።

ጓሳን በዓይኑ ያላየ የሰሜን ሸዋ ሰው ቢኖር እንኳ ስሙን ያልሰማ አይገኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፍቶ የተዘረጋ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚውሉበት፣ ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል እንደ ዘበኛ ቆሞ የሚታይበት የውርጭ አገር ነው። ለቦታው ስም የሰጠው ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሣም ከእርሱ ይሠራል።

ልጅቱ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ረቂቅ በአማርኛ፣ በደብተር ወረቀት ላይ የተጻፈ ሦስት ገጽ ተኩል ነበር። ስለ ቀበሮውና ስለ ጭላዳው ያነሣችው በጥቂት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ አያቷ እሳት ዳር ተቀምጠው የነገሯት የቄሮ ሥርዓት ነበር። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት ከለመድነው ትርጉም ጋር አይገናኝም፤ በመንዝ የጓሳው መጠበቂያ ሕግ ስም ነው።) ጓሳው አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አባቶች በሚወለዱ ሰዎች ዘንድ እንዴት በአጽመ ርስት እንደተያዘ፣ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጠው አለቃ ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ማንም ማጭድ እንዳያስገባበት እንዴት እንደሚያስከብር፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዴት እንደሚታወጅ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሐምሌ 5 ቀን በሐዋርያት በዓል እንዴት ተመልሶ እንደሚዘጋ፣ ሁሉንም ጽፋዋለች። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ሥርዓቱ አብሮ መፍረሱን አስከትላ፣ አያቷ «ጭሰኛው መሬት ማግኘቱ ደግ ነው፤ ጓሳው ግን በአንድ ቀን ባለቤት አጣ» ማለታቸውን አክላ ነበር።

ያንን ረቂቅ ሳነብ ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ነበር። ሁለት ገጽ ከግማሹን ከላይ እስከ ታች በሰያፍ መስመር ሰረዝኩና በኅዳጉ ላይ «ይህ ወግ ነው፤ ማስረጃ ይቅረብ» ብዬ ጻፍኩበት። በምትኩ የቦታውን ስፋት፣ ከፍታውን፣ የእንስሳቱንና የአእዋፉን ዝርዝር እንድታስገባ አዘዝኳት። ክፋት አልነበረብኝም። የውጭ ሰው የሚያከብረው ቁጥር ነው፣ የአያት ጨዋታ ይዘን ብንቀርብ ይንቁናል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። ከአያቷ ወግ ያስቀረሁላት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ «የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል» የምትለዋ። እርሷም እንደ ታዛዥ ተማሪ ምንም ሳትከራከር ንግግሩን በእንግሊዝኛ እንደገና ጻፈችው፤ በቃሏም አጠናችው።

በዚህ ብቻ አላበቃሁም። ለዝግጅት የነበረን ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበርና፣ ከንግግሩ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። የሚጠየቁትን አስቀድሜ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ ከበድ ያለ ነገር ቢገጥማቸው «በዚህ ጉዳይ ላይ በቂ መረጃ የለኝም» የሚል አንድ ጨዋ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መረጥኩላቸውና፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በባዶ ክፍል ውስጥ እያስቆምኩ ደጋግመው እንዲሉት አደረግኩ። ጥያቄን እንደ ጎርፍ እንዲሸሹት እንጂ እንደ እንግዳ እንዲቀበሉት አላስተማርኳቸውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንደዚህ ያለው ዝግጅት ሳይሆን አይቀርም።

## ወደ ታች የተበረረበት ጉዞ

ከደብረ ብርሃን የወጣነው ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ነው። ለልጆቹ አውሮፕላን የመጀመሪያቸው ነበር፤ ወደ ላይ የምንወጣ መስሏቸው ሳለ የምንወርድበት ከተማ ከደብረ ብርሃን በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ መሆኑን ስነግራቸው ተገረሙ። ናይሮቢ እንደደረስን ሹራባቸውን አወለቁ። ከሁሉ ይልቅ ያስደሰታቸው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ከመሄዳችን በፊት «በውጭ አገር ሰዓት ሌላ ነው፤ ተጠንቀቁ» እያልኩ አስጨንቄያቸው ነበር። ሊወስደን የመጣው ሾፌር ግን በማግሥቱ «ሳ ታቱ» እመጣለሁ አለን፤ በስዋሂሊ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲልም ልክ እንደ እኛ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች ሦስተኛው ሰዓት ማለቱ ነው። ልጆቹ ያን ጊዜ ያሳዩትን እፎይታ አልረሳውም። እነርሱ እንደ አጎት ቤት ሲዝናኑ እኔ ብቻ እንደ ባዕድ አገር ተሰብስቤ መቀመጤን ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ጉባኤው ለምን ናይሮቢ ላይ እንደሚደረግ በአውቶቡሱ ውስጥ ነገርኳቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ሲቋቋም ዋና መሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ለዚህች ከተማ ነው። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር በግቢው አጥር በኩል ስናልፍ የመንዟ ልጅ «እንግዲያው እዚህ ግቢ ውስጥ ያሉት ስለ ጓሳ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳይሰሙ አይቀሩም ብዬ አለፍኩት። ጥያቄዋ ስለ እነርሱ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ስለ ራሷ ጽሑፍ ነበር የጠየቀችኝ።

## ግማሽ ደቂቃ

በአዳራሹ ደንብ መሠረት አስተማሪዎች የሚቀመጡት በመጨረሻው ረድፍ ነው። ለተማሪዎቻቸው መናገርም ሆነ ወረቀት መላክ አይፈቀድላቸውም። ልጅቱ በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት ተጠራች። ንግግሯን ያለ አንዳች እንከን ተወጣችው፤ ስፋቱን፣ ከፍታውን፣ የእንስሳቱን ስም በየተራው አለችው። ሰብሳቢዋ «ተናጋሪዋ ጥያቄ ለመቀበል ፈቃደኛ ናት?» ስትላት በተለማመድነው መሠረት «አዎን» አለች።

መጀመሪያ እጁን ያነሣው ከኬንያዋ ናሮክ የመጣ፣ የከብት አርቢው የማሳይ ሕዝብ ልጅ ነበር። ተነሥቶ እንዲህ አላት፦ «ሕዝቡ ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል ብለሻል። ይዘጋ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ተዘግቶ ሳለስ ዝናብ ቀርቶ ሰው ቢቸገር ለማን ይናገራል?»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ፊቷ ሲበራ ከሩቅ አየሁት። ለመናገር የሚነሣ ሰው ትከሻው እንደሚቀና ትከሻዋ ቀና አለ። ከዚያ ቆም አለችና፣ በመካከላችን ባሉት ወንበሮች ላይ አሻግራ ወደ መጨረሻው ረድፍ ተመለከተች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

ያ አስተያየት ምን እንደሚል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ነበር። «ቲቸር፣ ልንገረው?» ነው የሚለው። ራስ መነቅነቅን የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ፈገግ ማለትንም የሚከለክል አልነበረም። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ያዝኩት የፕሮግራም ወረቀት አወረድኩ።

«በዚህ ጉዳይ ላይ በቂ መረጃ የለኝም» አለች፤ እንዳስጠናኋት፣ ቃል ሳትስት። ሰብሳቢዋ አመሰገነቻት፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ቀጣዩ ተናጋሪ ተጠራ።

## ምን ፈርቼ ነበር?

ለብዙ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ደንቡን አክብሬ ነው የሚል ነበር። ይህ እውነት አይደለም። የፈራሁት ካጠናችው ቃል ወጥታ ስትናገር እንግሊዝኛዋ እንዳይሰባበር፣ ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ልጆች ፊት እንዳናንስ ነው። ለልጅቱ ክብር የተጨነቅኩ ይመስለኝ ነበር፤ የተጨነቅኩት ግን ለራሴ ሥራ ነው። እርሷ ብትሰናከል የሚታየው የእኔ አሠለጣጠን ነበርና።

ከዚህም የባሰውን ቀስ እያልኩ ነው የተረዳሁት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የዚያን ጥያቄ መልስ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እርሷ ነበረች። የኔ ቀይ መስመር ባይኖር ኖሮ መልሱ ንግግሯ ውስጥ ነበር። «በቂ መረጃ የለኝም» የሚለው ቃል እንግዲህ ከእርሷ አፍ ሲወጣ ትሕትና አልነበረም፤ ውሸት ነበር፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ልጆቻችን በውጭ ሰው ፊት ዝም ሲሉ «የገጠር ልጅ ዓይን አፋር ነው» እንላለን። ዓይን አፋርነት ስለመኖሩ አልከራከርም። ግን ከዝምታቸው ምን ያህሉ የተፈጥሯቸው፣ ምን ያህሉ ደግሞ እኛ ሰርዘንባቸው የመጣ እንደሆነ አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም ነበር።

ማታ ባረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ ስንቀመጥ፣ ለምን እንዳልመለሰች ጠየቅኳት። መጠየቄ ራሱ ድፍረት ነበር። ጥቂት ዝም ብላ «ቲቸር፣ እርስዎ ያወጡትን በሰው ፊት መልሼ ባስገባው እርስዎን ማዋረድ መሰለኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ቅሬታ አልነበረባትም፤ ያሳደጓት ሰዎች ታላቅን ማክበር ያስተማሯት ልጅ ናት። ይህን ያህል የሚከብድ አክብሮት ከዚያ በፊት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ «ነገ ሌላ ዕድል ይኖራል» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሌላ ዕድል በመድረክ ላይ አልመጣም። የተረቀቀው የውሳኔ ሐሳብ ስለ ጓሳ የጠቀሰው ስፋቱንና ቀበሮውን ብቻ ነው። በሻይ ሰዓት ግን የናሮኩ ልጅ ራሱ ፈልጓት መጣና በአንድ ዛፍ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ ከሩቅ አየኋቸው። ግራ እጇን ጨብጣ በቀኟ እንደ ማጭድ ትስባለች፤ ከዚያ ሁለቱን መዳፎቿን እያፋተገች ገመድ ስትገምድ ታሳየዋለች። እርሱም በበኩሉ በእጁ መሬት ላይ እየከለለ አንድ ነገር ያስረዳታል። ደወሉ ተደውሎ ሰው ሁሉ ሲገባ እነርሱ አልሰሙም። ምን እንደተባባሉ ለመስማት መጠጋት ፈልጌ ነበር፤ ከጠጋሁ ግን እንደገና ወደ እኔ እንዳታይ ሰጋሁና ባለሁበት ቆየሁ። በዚያ ጉዞ ካደረግኩት ነገር ትክክል የሚመስለኝ ይህ ነው።

በመጨረሻው ቀን ካሩራ ደን ወሰዱን። በከተማው ውስጥ ያለ ወደ 1 ሺህ ሄክታር የሚደርስ ደን ነው፤ ባሕር ዛፍም አለበትና ልጆቹ ሽታው የደብረ ብርሃንን እንዳስታወሳቸው ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ ይህ ደን ለግንባታ እንዳይሸነሸን ችግኝ ይዘው ሲመጡ መደብደባቸውን፣ በ2004 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት ማግኘታቸውን አስጎብኛችን አወራልን። የመንዟ ልጅ በዚያን ጊዜ እጇን አንሥታ «እርሳቸው ካረፉ በኋላስ የሚጠብቀው ማን ነው? የሚመርጠውስ ማን ነው?» አለች። ጥያቄውን ከማን እንደወሰደችው አወቅኩ።

## መዳብና ወርቅ

ከተመለስን በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ የጋራ ግጦሽ ባለቤት ስለሌለው እያንዳንዱ የራሱን ከብት እየጨመረበት መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። ይህን ሐሳብ በተጨባጭ ምርምር የተቃወሙት አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ናቸው። በስዊዘርላንድ ተራሮች ግጦሽ፣ በጃፓን የመንደር ደኖች፣ በስፔን የመስኖ ማኅበራት የተደረገውን መርምረው፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ካወጡ፣ ራሳቸው ከጠበቁና ራሳቸው ከዳኙ የጋራ ሀብት ለመቶ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ይህን ሳነብ ደብተሩ ላይ የሰረዝኩት ገጽ በዓይኔ ላይ መጣ። ስለ መንዝ የቄሮ ሥርዓትም ጥናት መሠራቱን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «ማስረጃ ይቅረብ» ብዬ የጻፍኩበት ነገር ማስረጃ ነበረው፤ ያልፈለግኩት እኔ ነኝ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ራሴን ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩት፤ እስካሁንም ጨርሼ አልመለስኩትም። ኦስትሮም ባይሸለሙ፣ ጥናትም ባይኖር፣ የአያትየው ነገር ዋጋ የለውም ማለት ነበር? በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ግን ወርቅነቱን ያወቅኩት የውጭ ሰው ሚዛን ላይ ካየሁት በኋላ ከሆነ፣ ዛሬም የማከብረው ሚዛኑን ነው እንጂ ወርቁን አይደለም። የናሮኩ ልጅ ያደረገው ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ጓሳን ሊመዝን አልጠየቀም። በአገሩ ሣር የሚዘጋና የሚከፈት የራሱ ሽማግሌዎች ስላሉት፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጠያየቀው ነው የጠየቀው። እኔ ለዳኛ ስዘጋጅ የመጣው ጎረቤት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተማሪዎችን ለክርክርም ለጉባኤም አዘጋጅቻለሁ። ያቺን የማምለጫ ዐረፍተ ነገር ማስጠናት ትቻለሁ። ረቂቅ ሲያመጡልኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ይህን ማን ነገረህ? ማን ነገረሽ?» ብዬ ነው፤ እናቴ፣ አያቴ፣ የሰፈራችን አናጺ ካሉኝ ሄደው እንደገና እንዲጠይቁና ሌላ ሰውም የሚለውን እንዲያመሳክሩ እልካቸዋለሁ። አንዳንዱ የሰሙት ስሕተት ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ከነምክንያቱ ተነጋግረን እናወጣዋለን። ቀይ እስክሪብቶ አሁንም እጠቀማለሁ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ልጅቱ ወደ ቤተሰቧ ስትሄድ እኔም መሐል ሜዳ ዘመድ ነበረኝና አያቷን እንኳን አደረሰዎ ልላቸው አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌው ባናቸውን ደርበው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠላ ቀረበልን። ስለ አውሮፕላኑም ስለ ከተማውም ከሰሙ በኋላ «ለመሆኑ ስለኛ ምን ብለው ጠየቋችሁ?» አሉ።

ልጅቱ የናሮኩን ልጅ ጥያቄ አንድ ቃል ሳታጎድል ነገረቻቸው።

«ደግ ጠየቀ» አሉ ሽማግሌው። «አንቺስ ምን አልሽው?»

ወደ እኔ አላየችም። ዓይኔን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «አባባ፣ ስለ ቄሮ ጽፋ ነበር፤ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሣ በስብሰባው ላይ መመለስ አልቻለችም» አልኳቸው። በደብረ ብርሃን ለማንም ያልተናገርኩትን እዚያ ደጅ ላይ ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ሽማግሌው ጥቂት ተመለከቱኝ። ይገሥጹኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነው። «ታዲያ ያ ልጅ መልሱን ሳያገኝ አገሩ ገባ?» አሉ።

«አይ አባባ፣ በሻይ ሰዓት መጥቶ ሁሉንም ነገርኩት» አለች ልጅቱ። «ገሣ እንዴት እንደሚሠራም አሳየሁት።»

«ይበጅ» አሉና ዱላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ወደ እርሷ ዘወር አሉ። «እሱስ የነሱን ነገረሽ?»

«አዎ አባባ፣ ነግሮኛል። ከመንደራቸው አጠገብ ለጥጆች ብቻ ብለው የሚከልሉት ግጦሽ አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚወስኑት።»

«ለጥጆች» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩን በልባቸው ሲያመላልሱት ይታወቅባቸዋል። «እህ። የሚዘጉትስ በስንት ወር ነው?»